የሰባት ቁጥር የፊት ወንበር

ኅዳር 24

ዛሬ ጠዋት አንድም አውሮፕላን አላረፈም።

ጭጋጉ ገና ሳይነጋ ማኮብኮቢያው ላይ ተኝቶ እስከ አምስት ሰዓት አልተነሳም። ሊያርፉ የመጡት አራቱ ከታች፣ ቆላው ላይ ወዳለው አየር ማረፊያ ተላኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእኛ የምድሮቹ ነው። ዘጠኝ አውቶቡስ አለኝ። እዚህ የቀሩትን መንገደኞች አወርዳለሁ፣ እዚያ ያረፉትን አወጣለሁ። ለመውረድ አራት ሰዓት፣ ለመውጣት አምስት ይፈጃል። መንገዱ ገደል ለገደል ነው። አለቃዬ «ሰማይ ሲዘጋ ነው ሰው እኛን የሚያስታውሰን» አለ። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ይህችኑ ይላል።

ባሌን እንደወትሮው በሹፌርነት ሰባት ቁጥር ላይ መደብኩት። መንገደኛ የምትቆጥር ሸኚ ሆና አዲሷ ልጅ አብራው ወጣች። ከትኬት መስኮት ለጭጋጉ ወራት ተውሰናት የመጣች ናት፤ ሠላሳም የሞላት አይመስለኝም። አርባ አንድ መንገደኛ ይዘው በሰላም ገብተዋል።

ኅዳር 25

ጭጋግ። ስድስት አውቶቡስ አወጣሁ። አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ መስኮቴ ላይ አለቀሰች። ምሳ የለም። እግሬ አብጧል።

ኅዳር 28

ለራሴ ብቻ ልጻፈው። ከስምሪት ክፍሉ መስኮት አውቶቡሶቹ በበሩ ሲገቡ ይታዩኛል። ዛሬ ሰባት ቁጥር ሲገባ ልጅቷ ከፊት፣ ከባሌ ጎን ባለው ወንበር ተቀምጣ አየኋት። የሸኚ ቦታ ከኋላ በር አጠገብ ነው። መንገደኛው በየማረፊያው ሲወርድና ሲሳፈር የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከስድስት ዓመት በፊት።

ወደ እሱ ዘንበል ብላ ታወራለች። እሱ ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሳ ራሱን ይነቀንቃል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር እኔን እንደዚያ አጥብቆ የሰማበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ምንም አይደለም። ደክሟት ይሆናል። የኋላ ወንበር ሰው ያቅለሸልሻል።

ኅዳር 30

ስም አውጥተውላታል፤ «ረዳት»። ሹፌሮቹ ሁለት ቁጥር ጥግ ቆመው ሲሳሳቁ ሰማሁ።

«ሰባት ቁጥር ዛሬም ከነረዳቱ ገባ!»

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ እኛን የሚረዳን ጠፋ እንጂ!»

«ያንተ ካልሲ እያለ የትኛዋ ረዳት ትጠጋሃለች!»

ሲያዩኝ ጸጥ አሉ። አንዱ ጎማ መርገጥ ጀመረ፣ የሚፈትሽ መስሎ። ሳቃቸውን እችለው ነበር። ቤት ድረስ የተከተለኝ ዝምታቸው ነው።

ታኅሣሥ 1

ፀጉሬን ተቆረጥኩ። አጭር። በቅናት አይደለም፤ ሥራ ላይ ያስቸግረኛል።

ታኅሣሥ 4

ሦስት ቀን ሆነ፣ ባሌ ፀጉሬን ልብ አላለውም። እራት ላይ ልጄ ሳቀችበት። «አባዬ፣ የእማዬን ፀጉር አየኸው?»

«ያምራል» አለ። «እሷ መቼም ያምርባታል።»

ሲናገር ወደ እኔ አልዞረም። ሲዞርም ፊቴን አያይም፤ ከጆሮዬ ወዲያ ያለ ነገር ነው የሚያየው። አንዳንዴ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።

ስልኩ ላይ የሚገባለትን መልእክት የምታነብለት ልጄ ናት። «እጄ ርጥብ ነው፣ እስቲ ምን ይላል» ይላታል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። ውሽማ ያለው ሰው ስልኩን ለልጁ እንደማይሰጥ አይጠፋኝም። ግን ለእኔስ ለምን አይሰጠኝም?

ሻይ ሲቀዳ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ልብ ሌላ ቦታ ሲሆን እጅ እንዲህ ነው።

ታኅሣሥ 5

ማስታወቂያ ለጠፍኩ። «ሸኚዎች ከመነሻ እስከ መድረሻ የኋላ በር አጠገብ ባለው መቀመጫ ብቻ ይቀመጣሉ። ከሹፌር ጋር ከሥራ ውጪ መነጋገር ክልክል ነው።» ማኅተም አደረግኩበት።

አለቃዬ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አነበበው። «ከመንገደኛ ቅሬታ መጣ እንዴ?»

«ለደህንነት ነው» አልኩት።

«ለማን ደህንነት?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ታኅሣሥ 7

ሰባት ቁጥር የግራ መስታወቱን አጥቶ ገባ። «የጭነት መኪና ታክኮኝ አለፈ» ይላል። የተጎዳ የለም። ልጅቷ በኋላ በር ወረደች፣ በማስታወቂያው መሠረት። ፊቷ አመድ መስሏል። ከፊት ወንበር መነሳት እንዲህ ያከስላል ለካ።

ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኛል። መስታወት ተሰብሮ ደስ የሚላት የስምሪት ኃላፊ።

ታኅሣሥ 9

መንገድ ሳተ። አሥራ ስድስት ዓመት የተመላለሰበትን መንገድ! ሠላሳ ስምንት ሰው ይዞ መገንጠያው ላይ በቀኝ መያዝ ሲገባው ወደ ድንጋይ መፍጫው ገባ። ሰዓት ተኩል ዘገየ። አሥራ አንዱ በረራቸው አመለጣቸው። ሌሎች ስልክ ደውለው ሲሳደቡ አንዱ ብቻ ቀስ ብሎ ተናገረኝ። ወደ ወንድሙ ቀብር ነበር የሚሄደው። «ቀብር እኮ አይጠብቅም እመቤቴ» አለኝ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ቤት፦

«ሐሳብህ የት ነበር?»

«መንገዱ ላይ።»

«መንገዱ ላይ ቢሆንማ አትስትም ነበር።»

«ያንን ማስታወቂያ አንቺ ነሽ የለጠፍሽው?»

«ሥራዬ ነው።»

«እሱማ ሥራሽ ነው» ብሎ ተነሳ። ሲወጣ ትከሻው መቃኑን መታው።

መስታወት ሰብሮ፣ ሰው ከቀብር አስቀርቶ፣ የከነከነው ማስታወቂያው ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ።

ታኅሣሥ 11

ለያየኋቸው። ልጅቷን ሁለት ቁጥር ላይ፣ ከአባ ጥድፊያ ጋር። አባ ጥድፊያ የሹፌሮቹ ሁሉ ታላቅ ነው፤ ከሠላሳ አልፎ ነድቶ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣለት። ለባሌ እንቅልፋሙን ሸኚ ሰጠሁት፤ ሞተር ሲነሳ የሚተኛ፣ ሞተር ሲጠፋ የሚነቃ።

አባ ጥድፊያ ወረቀቱን ሊወስድ መጥቶ ቆመ።

«ልጄ፣ ለሰባት ቁጥር እንቅልፋሙን ሰጠሽው?»

«ምነው?»

«ምንም። እኔ ብሆን ቀባጣሪ እሰጠው ነበር።»

«ሹፌርና ወሬ ምን አገናኛቸው ጋሼ?»

«እንደ ሹፌሩ ነው» አለና የሌለ አቧራ ከኮቱ አራገፈ። ወጣ።

እሱም ከእነሱ ጋር ነው ማለት ነው። ግቢው ሁሉ ያውቃል። የማላውቅ እኔ ብቻ።

ታኅሣሥ 12

ጭጋግ። ባሌ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ገባ። «ቀስ ብዬ ነው» አለ። እንቅልፋሙ ዓይኑን እያሸ ወረደ። ባሌ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ በዚህ ብርድ።

እራት አልበላም። ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ታኅሣሥ 14

ልጅቷ ቢሮዬ መጣች። ያልነውን ሁሉ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«እትዬ፣ ሰባት ቁጥር ላይ ይመልሱኝ።»

እኔን «እርስዎ» ትላለች። ባሌን «አንተ» ነው የምትለው፤ «ቀስ በል እንጂ አንተ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ሁለት ቁጥር ላይ ምን ጎደለሽ?»

«ምንም።»

«ሰባት ላይስ ምን ቀረሽ?»

ዞራ በሩን ዘጋችው። እወደዋለሁ ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ምን እንደምመልስላት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ስሰድር ከርሜያለሁ። «የማያረጅ መስሎሻል» የሚል ነበረበት።

«አያይም» አለች።

«ማን?»

«ሰሌዳ ማንበብ ካቆመ ቆይቷል። ዳር ዳሩን ያያል፤ መሐሉ ላይ ያለው ነው የሚጠፋበት። ጭጋግ ሲሆን ደግሞ የመንገዱን መስመር ጭራሽ አያገኘውም። እኔ ነኝ የምነግረው። ቀኝ ያዝ፣ ግራ ያዝ፣ ሰው አለ፣ መኪና ቆሟል እያልኩ። የመጀመሪያው ቀን አንድ መንገድ ጠራጊ ሊገጭ ሲል ቆጠራዬን ትቼ ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ ከጎኑ ተነስቼ አላውቅም፣ እርስዎ እስካስነሱኝ ድረስ።»

የስምሪት ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋሁ።

«አርባ ሰው ይዛችሁ? አንቺስ አትናገሪም?»

«ለዛሬ ብቻ ስል ነው እትዬ። በየቀኑ፣ ለዛሬ ብቻ ስል።» አለቀሰች። መሐረብ አልሰጠኋትም።

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ስምሪቱን የሚፈርሙት እርስዎ ስለሆኑ። ‹ካወቀች ታወርደኛለች፤ ካላወረደችኝ ደግሞ አብራኝ ትጠየቃለች› ይላል። ከመሪው ከወረደ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ሌላ ሥራ አላውቅም ብሎኛል።»

ብሎኛል። ብሎኛል ትላለች።

«ሂጂ፣ አስብበታለሁ» አልኳት።

በዚያው ቀን፣ ቤት

እንቅልፍ የለም። ባሌና ልጄ ተኝተዋል።

አሁን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሻዩ፣ መቃኑ፣ ስልኩ፣ ፀጉሬ። እኔ ከመስኮት ሁለት ሰው ሲስቅ ለማየት ስንጠራራ አንድ ሰው እቤቴ ውስጥ እየታወረ ነበር። ጨካኝ ነኝ ወይስ ደደብ? አንዱን መምረጥ ቢቻል ጨካኝን እመርጥ ነበር።

ማታ ኮሪደሩ ላይ ሆን ብዬ ድምፄን አጥፍቼ ቆምኩ። ከመታጠቢያው ወጣ፤ ሁለት እርምጃ ቀርቦ ቆመ። «የኔ ልጅ፣ መብራቱን አጥፊው» አለኝ፣ ልጃችን መስዬው። አጠፋሁት። ለእሱ ለውጥ እንዳለው እንጃ።

ቢወሽማት ይሻለኝ ነበር ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። መልሼ እጽፈዋለሁ፤ ቢወሽማት ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ ሂድ እለዋለሁ፣ እቃውን በር ላይ አወጣለሁ፣ እህቶቼ መጥተው ከጎኔ ይቆማሉ። አሁን ምን ብዬ ልጩህ? ፈርቶ ለእሷ ነገራት ብዬ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስተኛ አንድ ቀን «ፈራሁ» ብሎኝ አያውቅም። ከትኬት መስኮት ለመጣች ልጅ ነገራት። በአንድ ጠዋት!

ለእኔ አስቦ ነው ያልነገረኝ፤ ይህ ይገባኛል። ቢገባኝስ?

ታኅሣሥ 15

ለአለቃዬ ለመንገር በሩ ድረስ ሄጄ ስለ ጎማ ጠይቄው ተመለስኩ።

ማስታወቂያውን ገነጠልኩ። በሰባት ቁጥር ወረቀት ላይ የባሌን ስም፣ ከጎኑ የእሷን ስም ጻፍኩ። በራሴ እጅ።

ግቢው ውስጥ፣ «ረዳት ተመለሰች!» ተባለ። አባ ጥድፊያ ግን አልሳቀም። በመስኮቱ አልፎ ሲሄድ፣ «እኔ ብሆን ይህንንም አላደርግም ነበር» አለኝ።

«ምን ያደርጉ ነበር ታዲያ?»

«እኔማ አውቄ ዝም ያልኩ ሽማግሌ ነኝ። እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ።»

ታኅሣሥ 19

ጭጋግ። ሰባት በሰዓቱ ወጣ፣ በሰዓቱ ገባ። የዓመቱ የጤና ምርመራ የካቲት ላይ ነው። ሐኪሞቹ ራሳቸው ያገኙታል፤ ያን ጊዜ ያወረድኩት እኔ አልሆንም። የካቲት ሩቅ አይደለም።

ታኅሣሥ 23

ሩቅ ነው።

ዛሬ ሰባት ላይ ሃያ ስድስት የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፣ ከቆላው ለውድድር የሚመጡ። ስማቸውን ከታች በስልክ ተቀብዬ አንድ በአንድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስኪገቡ ከመስኮቱ አልተነሳሁም። ሲገቡ ግን መጀመሪያ ያየሁት ልጆቹን አይደለም። የፊት ወንበሩን ነው።

ታኅሣሥ 27

እራት ላይ ሊናገር መሰለኝ። ሹካውን አስቀምጦ፣ «አንቺ» አለኝ።

«አቤት።»

ጠበቅሁት። ቢነግረኝ ሁሉን እተወው ነበር፣ እምላለሁ። አብሬው ወደ አለቃዬ እሄድ ነበር።

«ጨው አቀብይኝ» አለ።

ጨው ፊቱ ነበር። አቀበልኩት።

ጥር 2

ጠዋት ሰባት ቁጥር ገና መንገደኛ ሳይጭን፣ የፊት በሩ ተከፍቶ ነበር። ወረቀት ይዤ በጎን ስጠጋ ድምፃቸው ተሰማኝ።

«ዛሬ ምን ይመስላል?» ይላል ባሌ።

«ነጭ ነው። የግቢው አጥር አይታይም። የጥበቃው ኮፍያ ብቻ ይታያል፣ ከሥሩ ሰው የለም።»

ሳቀ። «ከሥሩማ ድሮም ሰው አልነበረም።»

«ተው እንጂ፣ ይሰማሃል!»

«የእኔዋስ መስኮት በርቷል?»

«በርቷል። ቆማለች። ስልክ ይዛለች መሰለኝ።»

መስኮቱ ላይ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። እኔ ከእነሱ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ።

ስለ እኔ ጠየቀ፤ ይህን ማሰብ ይገባኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት ግን እሷ ያየችለትን ነው። እኔን እንኳ በእሷ ዓይን ነው የሚያየኝ፤ ያውም ተሳስታ።

ጥር 5

ይህን የምጽፈው ከአየር ማረፊያው ማዶ፣ የታክሲ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ጠዋት እንዲህ ያለ ጭጋግ ወርዶ አያውቅም። አምስት በረራ ቀረ። ሁለት ሹፌር ታሟል፣ ሦስት አውቶቡስ ከታች አልተመለሰም። አባ ጥድፊያ «በዚህ አልነዳም» ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ በሠላሳ ዓመት ሥራው የመጀመሪያው ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው። አለቃዬ እየሮጠ ገባ።

«ሰባትን ልቀቂልኝ! አሁኑኑ! ሰው መስታወት ሊሰብር ነው!»

«አባ ጥድፊያ አይቻልም ብሏል እኮ።»

«አባ ጥድፊያ በፀሐይስ መቼ ነድቶ ያውቃል! ባልሽ ይችላል። የእኔ ምርጥ ሹፌር እሱ ነው።»

ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። ሦስት ቃል ነው። ፈረምኩ። የመንገደኞቹን ዝርዝርና የሰባት ቁጥርን ቁልፍ ይዤ ግቢውን አቋረጥኩ። አውቶቡሱ ሞልቷል፤ አርባ ሦስት ሰው። አንዲት አሮጊት በመስኮት፣ «ልጄ፣ ልንነሳ ነው?» አሉኝ። «አሁን እማማ» አልኳቸው።

በፊት በር ወጣሁ። ባሌ መሪው ላይ ነው፣ ልጅቷ ወንበሯ ላይ። ከኋላ ካለ መንገደኛ ጋር ታወራለች፤ ሻንጣ ስለጠፋበት።

«መጣሽ?» አለ ባሌ። እኔ መሆኔን በእርምጃዬ አውቆ ነው።

«መጣሁ።»

ለቁልፉ እጁን ዘረጋ። እኔ በቀኙ ነበርኩ፣ እጁ ከእኔ አልፎ ባዶውን ያዘ። ልጅቷ ቀና ሳትል፣ ወሬዋንም ሳታቋርጥ፣ አንጓውን በሁለት ጣት ይዛ ወደ እኔ መለሰችው። ሚስት የባሏን ኮሌታ እንደምታስተካክለው።

ለአርባ ሦስቱ ሰዎች ስል ነው ብል ማንም ያምነኛል። አለቃዬም ያምነኛል፣ ዳኛም ያምነኛል። እዚህ ግን አልዋሽም። ቁልፉን ልሰጠው ነበር። ጣቶቹ ነክተውታል። የመለሱኝ የእሷ ሁለት ጣቶች ናቸው።

ቁልፉን ሳብኩት።

«ምነው?» አለ።

«የረሳሁት ነገር አለ።»

«ምን ረሳሽ?»

ልጅቷ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ገብቷታል። ትከሻዋ ወረደ፣ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

ደረጃውን ወረድኩ። የስምሪት ክፍሉ በግራ ነው፤ በቀኝ በኩል ወደ ዋናው በር ሄድኩ። ሰባት ቁጥር ሌላ ቁልፍ የለውም። አለቃዬ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ወዴት ነው? ሰባት እኮ አልተነሳም!» ብሎ ጮኸ። ጥበቃው «በሰላም ነው እትዬ?» አለኝ። ከኋላዬ ባሌ ክላክስ አደረገ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ረጅም። የአርባ ሦስት ሰው ስም ብብቴ ሥር እንደተወሸቀ አስፋልቱን ተሻገርኩ።